መጀመሪያ ምንቃሩን እዩ፦ የጓሮ ወፎችን ለመለየት

ወፍ ማየት የጀመርኩት በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። እግሬ ተሰብሮ ሁለት ወር ተኩል በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ቤቴ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው። ጓሮዬ ሰፊ አይደለም፤ አንድ የኮክ ዛፍ፣ አጥሩ ላይ ኮሽም፣ ጥጉ ላይ ሬትና ራስ ክምር፣ ቧንቧው አጠገብ የጎመን መደብ አለ። እዚያ ግቢ 19 ዓመት ስኖር ከቁራና ከርግብ በቀር ሌላውን ሁሉ በደፈናው «ወፍ» ብዬ ነበር የማልፈው። ያን ክረምት ግን ከዛፉና ከአጥሩ ሌላ የማየው ስላልነበረኝ 23 ዓይነት ቆጠርኩ። ዛሬ ደብተሬ ላይ 61 ደርሰዋል፤ 44ቱን ከበረንዳዬ ሳልነሳ ነው ያየኋቸው።

የጎረቤቴ ልጅ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ አጠገቤ እየተቀመጠ ይጠይቀኛል። አንድ ቀን «እትዬ፣ የመስቀል ወፍ ከመስቀል በኋላ የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። 28 ዓመት አስተምሬ መልሱን አላውቀውም ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያገኘሁበትንም መንገድ ነው እዚህ የምጽፈው።

አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ይገኛል። ይህን የሰማ ሰው ገና ሳይጀምር ይደክመዋል። ነገር ግን አንድ ጓሮ ውስጥ በየቀኑ የሚመላለሱት ከ15 ብዙም አይበልጡም። እነሱን አጥርታችሁ ካወቃችሁ እንግዳ የመጣ ቀን ዓይናችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ስለዚህ ባይናኩላር ከመግዛታችሁ፣ ስልካችሁ ላይም መተግበሪያ ከመጫናችሁ በፊት፣ አምስት ወፍ ምረጡና ለሁለት ሳምንት እነሱን ብቻ ተመልከቱ። እኔ የመረጥኳቸው ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ ቁራ፣ ጭልፊትና ራስ ክምሬ ላይ የሚመጣው አበባ መጣጭ ወፍ ነበሩ። እነዚህ ኋላ መለኪያ ይሆኑላችኋል። «ከድንቢጥ ትበልጣለች፣ ከዋኔ ታንሳለች» ማለት የቻለ ሰው ሥራውን ግማሽ አድርሷል።

ጊዜው ጠዋት ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለውን የሚያህል የለም። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደግሞ እንደገና ይነቃቃሉ። በክረምት ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ያለች እንደሆነ ሥራችሁን ትታችሁ ውጡ፤ ወፎቹ ላባቸውን ለማድረቅ ገላጣ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚወጡ እንደዚያን ጊዜ ተመቻችተው የሚታዩበት ጊዜ የለም። ፀሐዩን ከጀርባችሁ አድርጉ። ፊት ለፊታችሁ ከሆነ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው። ነጭ ነጠላ ከሩቅ ይታያል፤ እኔ ስቀመጥ አወልቀውና ቡናማ ሹራብ እደርባለሁ። ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። የመጀመሪያዎቹን አስር ደቂቃዎች ምንም አይመጣም። ብዙ ሰው በዘጠነኛው ደቂቃ ተነስቶ ይገባል፣ «የኛ ግቢ ወፍ የለውም» ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወፍ ስናይ ሁላችንም መጀመሪያ የምንይዘው ቀለሙን ነው። «ቢጫ ወፍ አየሁ» እንላለን። ቀለም ግን በብርሃን ይለወጣል፣ በወንድና በሴት ይለያያል፣ በወቅትም ይቀየራል። የማይለወጠው የምንቃሩ ቅርጽና አካሄዱ ነው፤ ጅራቱም ከጥቂት ወፎች በቀር እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ ወፍ ላይ ያረፈ እንደሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦ ምንቃሩ ምን ይመስላል? ጅራቱ ከአካሉ ጋር ሲተያይ ምን ያህላል? ይራመዳል ወይስ ይዘላል? የተቀመጠው የት ነው፣ ምን እየሠራ ነው? ቀለሙን መጨረሻ ላይ ጨምሩት። ወፉ ቆሞ አይጠብቃችሁም፤ አራት ሰከንድ ቢሰጣችሁ ሦስቱን ለምንቃሩና ለጅራቱ አውሉት።

ምንቃር ስለ መብሉ ይናገራል። አጭርና ወፍራም፣ ሥሩ ላይ ሰፋ ያለ ከሆነ እህል ፈልፋይ ነው፤ ድንቢጥ እንዲህ ናት። ቀጭንና ቀጥ ያለ ከሆነ ነፍሳት ለቃሚ ነው። ረጅምና ወደ ታች የተቆለመመ፣ ወፉም ትንሽ ከሆነ አበባ መጣጭ ነው። እንዲሁ የተቆለመመ ሆኖ ወፉ የዶሮ ያህል ከሆነና ሳሩን እየወጋ ትል የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባን በጠዋት የሚቀሰቅሳት ያ ጯሂ ወፍ ነው። በእንግሊዝኛ ዋትልድ አይቢስ ይሉታል። ከጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥሎበታል፤ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ጎህ ሲቀድ በመንጋ እየጮኸ የሚያልፈው እሱ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ሌላ ቦታ አይኖርም። ከውጭ አገር ይህን ወፍ ብለው ብዙ ብር ከፍለው ይመጣሉ፤ እኛ ትራስ ጆሯችን ላይ እንጭንበታለን።

በቁራ ልምምድ ጀምሩ፤ ትልቅ ነው፣ አይፈራም፣ ቀኑን ሙሉ ይገኛል። «ቁራ ቁራ ነው» ይባላል፤ እኔ ግን ከሰፈሬ ሳልወጣ አራት ዓይነት አይቻለሁ። ደረቱና ማጅራቱ ነጭ ሆኖ ሸሚዝ የለበሰ የሚመስለው አንዱ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ለሙሉ ጥቁር፣ ምንቃሩ ቀጠን ያለ ነው። ሦስተኛው ጅራቱ በጣም አጭር ስለሆነ ሲበር የሌሊት ወፍ ይመስላል። አራተኛው የኛው ነው፤ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ ወፍራምና ጎባጣ፣ ጫፉ ነጣ ያለ፣ ከራሱ ኋላ ነጭ ምልክት ያለው። ከቁራ ዘመዶች ሁሉ በአካል ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን የሚኖረው በዚሁ በአፍሪካ ቀንድ ደጋ ነው። አራቱንም በምንቃርና በጅራት ብቻ ለዩ፤ የቀለሙ ጉዳይ ኋላ ይደርሳል።

ዋኔና ርግብ ሁለተኛው ትምህርት ናቸው። እዚህ የሚታየው አንገት ነው። ከርግብ ትንሽ አነስ ብላ አመድማ፣ አንገቷ ግራና ቀኝ ላይ ጥቁር ጥፍጥፍ ያለባት የደጋዋ ዋኔ ናት፤ ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚንከባለል ነው። ጥቁሩ ከማጅራቷ ላይ እንደ ግማሽ ቀለበት ከዞረ ሌላ ናት፣ በአካልም ትበልጣለች። ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ከሚሰበሰቡት ርግቦች መካከል ደግሞ ማጅራቷ ላይ ነጭ አንገትጌ ያላትን ፈልጉ፤ እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ናት። ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ሆኖ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት ሌላ ዓይነት ነች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅጥሩ ጥግ ቁሙና ሁለቱን ለመለየት ሞክሩ፤ ተደባልቀው ስለሚቀመጡ እያስተያዩ ለመማር ይመቻሉ።

ቀለም እንዴት እንደሚያታልል ያስተማረኝ ያ አበባ መጣጩ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን «ጥቁር» ብዬ ጻፍኩ። ራስ ክምሩ ላይ፣ ከብርቱካናማው አበባ ክብ ሥር ተንጠልጥሎ፣ ከአንድ እርምጃ ተኩል ርቀት ነበርን። ጥላ ውስጥ እያለ እውነትም ከሰል ነው። ትንሽ ዞር ሲል ፀሐይ ነካችው፤ ደረቱ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ራሱ እንደ ነሐስ ወደ አረንጓዴ ሄደ፣ ተመልሶም ጠቆረ። ቀለሙ ላባው ውስጥ ያለ ማቅለሚያ አይደለም፤ ብርሃን ላባው ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነው፣ በማዕዘኑም ይለዋወጣል። ከጅራቱ መካከል ሁለት ላባዎች ረዝመው ይወጣሉ። ሳይንሳዊ ስሙ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው፣ ታካዜ ይሉታል። ሚስቱን ለሦስት ሳምንት ሌላ ወፍ አድርጌ ስጽፋት ከረምኩ። እሷ አመድማ ወይራ መሳይ ናት፤ አብረቅራቂም አይደለችም፣ ረጅም ጅራትም የላትም። ምንቃራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም የታጠፈ መርፌ የመሰለ ነው። ምንቃሩን አስቀድሜ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት አልደክምም ነበር።

ጀማሪውን ሁሉ የሚያስቸግሩት ትንንሾቹ ቡናማዎች ናቸው። ታገሡ። ራሱና ደረቱ ግራጫ፣ ጀርባው ዳማ፣ ሰንበር የሌለበት ከሆነ ድንቢጥ ነው። ከሷ ያነሰ፣ ደረቱ ላይ ምንም ጭረት የሌለው፣ ዓይኑ ላይ ነጭ ቅንድብ ያለው አንድ እህል ፈልፋይ አለ፤ ጎመን ፍሬ ሲይዝ መደቡ ላይ ይሰፍራል። ጭረት ከአናቱ እስከ ሆዱ የወረደበት ደግሞ የዚያው ዘመድ ነው። እነዚህን ሦስቱን ለመለየት እኔ አንድ ወር ፈጅቶብኛል፤ ቢፈጅባችሁ አትዘኑ።

የአጥሩን ነዋሪዎች በአካሄዳቸው ታውቋቸዋላችሁ። ኮሽሙ ውስጥ እንደ አይጥ የሚሹለከለኩት፣ አናታቸው ላይ ጉትዬ ያላቸው፣ ጅራታቸው ከአካላቸው የረዘመው ሌላ ወፍ ሊሆኑ አይችሉም፤ በእንግሊዝኛም ስማቸው የአይጥ ወፍ ማለት ነው። ጎመኔንና ኮኬን የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ ድርሻቸውን ትቼላቸዋለሁ። ሰማይ ላይ ጅራቱን እንደ መቅዘፊያ እያጣመመ የሚዞረው፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ የተሰነጠቀው ጭልፊት ነው። ጅራቱ አጭርና ቀይ፣ ክንፉ ሰፊ፣ ከሥር ነጭ ከሆነ ጭልፊት አይደለም፤ ኦገር ባዛርድ የሚሉት ነው፣ አይጥም ይቀንስላችኋል።

ድምፅ ከዓይን ይቀድማል። ጠዋት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ደቂቃ አዳምጡና ስንት ዓይነት ድምፅ እንዳለ በጣታችሁ ቁጠሩ። ከዚያ አንዱን ይዛችሁ ባለቤቱን እስክታገኙ ፈልጉ፤ በቀን አንድ ይበቃል። ድምፁን በራሳችሁ ፊደል ጻፉት፤ ፊደላችን ለዚህ ይመቻል። የኔ ደብተር «ጵርር-ጵርር»፣ «ትዊ-ትዊ-ቾ» በሚል የተሞላ ነው፤ ሌላ ሰው አይገባውም፣ ለኔ ግን ወፉ እዚያ አለ። አመሻሽ ላይ የሚዘፍነውን፣ ነጭ ቅንድብና ብርቱካናማ ሆድ ያለውን ወፍ ተጠንቀቁት። የሌሎችን ወፎች ድምፅ አስመስሎ ይጮኻል፤ ሦስት ወፍ ሰማሁ ብላችሁ አንዱን እሱን ታገኛላችሁ። ሌላም አለ። «ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይባላል፤ እውነት ነው። አንዱ ዓይነት ወፍ በየአገሩ ዜማው ሊለያይ ስለሚችል፣ ከሌላ አገር የተቀዳ ድምፅ ሰምታችሁ «የኛው አይደለም» ብላችሁ አትደምድሙ።

ደብተር ግድ ነው። በልቤ እይዘዋለሁ ያለ ሰው ማታ ላይ ያልነበረ ቀለም ይጨምርበታል። የኔ አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ሐምሌ 11፣ ጠዋት 1:20፣ ካፊያ። ኮኩ ላይ፣ የታችኛው ቅርንጫፍ። ከድንቢጥ ትንሽ ትበልጣለች። ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ መሬት ወርዳ ትል ይዛ እዚያው ቅርንጫፍ ተመለሰች፣ 4 ጊዜ። ምንቃር ቀጭን፣ አጭር። ግራጫና ቡናማ። ዓይኗ ነጣ ያለ ቢጫ። ድምፅ የለም።»

ስሟን አላውቅም ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ወፍ የሚያስጎበኝ አንድ ወጣት ይህን ሲያነብ ወፏን ሳያያት «አቢሲኒያን ስሌቲ ፍላይካቸር ናት፤ የኛና የኤርትራ ብቻ» አለኝ። የነገረው ወርዳ እዚያው ቅርንጫፍ መመለሷና ዓይኗ ነው። ከጽሑፉ ጎን ሥዕል ሠርታችሁ ቢሆን የተሻለ ነው፤ ትንሽ እንቁላል ለራሱ፣ ትልቅ እንቁላል ለአካሉ፣ ምንቃርና ጅራት ትጨምሩበታላችሁ። መሳል አልችልም የሚል ሰው ይህን ይችላል።

መሣሪያን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ባይናኩላር ላይ 8×42 ተብሎ ከተጻፈ ስምንት ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስተዋቱ ስፋት ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለጓሮ ከዚህ በላይ የሚያቀርብ አትግዙ፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ወፍ ስታዩ ዓይናችሁን ከወፉ ሳትነቅሉ ባይናኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት፤ ጎንበስ ብላችሁ ባይናኩላሩን ካያችሁ ወፉን ታጡታላችሁ። መርሊን የሚባለው ከአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነጻ መተግበሪያ ይጠቅማል፤ ግን ደብተራችሁን ከጻፋችሁ በኋላ ክፈቱት። አስቀድማችሁ ከከፈታችሁት ስልኩ ያለውን እንጂ ዓይናችሁ ያየውን አትጽፉም።

ወፎቹ እንዲቀርቡላችሁ ከምግብ ይልቅ ውሃ አስቀምጡ። እኔ ጠርዙ የተሸረፈ የሸክላ ሳህን ነው የተጠቀምኩት። ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይበልጥ፣ መሀሉ ላይ ድንጋይ ይኑርበት፣ ውሃው በየቀኑ ይቀየር፤ ካልተቀየረ በሽታ ያስተላልፋል። ከበጋው ከጥር እስከ የካቲት በአንድ ጠዋት 11 ዓይነት መጥተውበታል። ድመት ሊያደባበት ከሚችል ቁጥቋጦ ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። ጨው ያለበት ትርፍራፊ አትስጡ። ጎጆ ካገኛችሁ ከሩቅ እዩ፤ ቅርንጫፉን ገለጥ ያደረጋችሁ እንደሆነ ለቁራ መንገድ ትከፍቱለታላችሁ። ልጆች ላስቲክ ይዘው ሲያነጣጥሩ ካያችሁ አትቆጡ፤ ባይናኩላሩን ስጧቸው። የጎረቤቴን ልጅ ያገኘሁት እንዲህ ነው።

ጓሮውን ስትጨርሱ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወይም ወደ እንጦጦ ጽዶች መውጣት ትችላላችሁ። ጽዶቹ ውስጥ ጅራተ አጭር አረንጓዴ በቀቀን ፈልጉ፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሜዳው ላይ ከብቶች እግር ሥር ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚራመዱ ቢጫ ሆዶች ይታያሉ። እነሱ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ ፋሲካ አካባቢ ይመለሳሉ።

የመስቀል ወፍም እንዲሁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እኛ ሰፈር የመስቀል ወፍ የምንለው ጥቁርና ነጭ የሆነውን፣ ጅራቱ ከአካሉ የሚረዝመውን፣ ሴቶቹ ፊት አየር ላይ እየተንሳፈፈ የሚጨፍረውን ነው። ሌላ ሰፈር በዚሁ ስም ሌላ ወፍ ይጠራሉ፤ ጀርባውና ትከሻው ቢጫ የሆነውን ጥቁር ወፍ የሚሉም አሉ። በጥር 2011 ዓ.ም. ደብተሬ ላይ ከድንቢጦች ጋር ስለሚለቅም አንድ ወፍ እንዲህ ጽፌ ነበር፦ «ከድንቢጥ ታንሳለች። ቡናማ። አናቷ ላይ ጥቁር ሰንበር። ምንቃር አጭር፣ ወፍራም፣ ቀይ።» ሴት አድርጌ ነው የጻፍኳት። በየካቲትም መጣች፣ በሚያዝያም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደረቷ ላይ ነጭ ነጭ፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ጥቁር ጀመራት፤ የታመመች መሰለኝ። ሐምሌን በሙሉ እንዲሁ ዝንጉርጉር ሆና ቆየች። ነሐሴ 20 ከጅራቱ ሁለት ላባ ወጥቶ አየሁ፣ ያን ቀን «ትመጣለች» ማለቴን ትቼ «ይመጣል» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። መስከረም ሲጠባ ሌሎቹን ከእህሉ እያባረረ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆመ። ምንቃሩ ያው ቀይ ነው።

የደመራ ዕለት ጠዋት ልጁን ጠራሁትና ከጥር ጀምሮ ያለውን ገጽ በገጽ አሳየሁት። አራተኛ ክፍል ደርሶ ነበር፣ በራሱ ያነባል። ጣቱን «ቀይ» የሚለው ላይ እያደረገ አንድ በአንድ ገለጠ።

«ታዲያ እዚሁ ነበረ?» አለኝ።

«እዚሁ ነበረ።»

ኅዳር 29 ሳህኑ አጠገብ አንድ ረጅም ጥቁር ላባ ወድቆ አገኘሁ። ደብተሩ ውስጥ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ የጻፍኩት የዚያን ቀን ጠዋት ያየሁትን ነው፦ «1:40፣ ፀሐይ። 6 ድንቢጦች። አንድ ቡናማ፣ አናቱ ሰንበር፣ ምንቃሩ ቀይ።»